ለገዛ ሚስቴ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሰው ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ይልካል። ሚስቱ ተቆጥታ አባቷ ቤት ስትገባም ይልካል። እኔ ግን ሽማግሌ የላክሁት ላልተቆጣችኝ፣ ከቤቴም ላልወጣች፣ መደቧ ላይ ለተኛች ሚስቴ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው አልሰማሁም። ሰፈሩ እስካሁን ይስቅበታል። ይሳቅ። ዛሬም ቢሆን እልክ ነበር።

የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ስቀበል ከመፈረም በቀር ብዙም አልጻፍኩም። አጻጻፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ባይታገሠኝም ሌላ አልችልም።

ጊዜው ያለፈው መንግሥት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ቀበሌው አንድ ለአምስት እያለ የሚሰበስበን፣ ኮምቦልቻ ባቡር ሊገባ ነው ተብሎ ተራራው የሚቦረቦርበት ጊዜ። ድማሚቱ ሲፈነዳ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ከቆዳ ፋብሪካው ጡረታ ወጥቼ ቤት ከዋልኩ ቆየት ብያለሁ። ባለቤቴ ግን የቆዳው ሽታ ከኔ ጋር ጡረታ አልወጣም ትላለች። «ሽታህን ጨምሬ ነው ያገባሁህ» ትለኝ ነበር በደህናው ቀን።

ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባትና ሳትነግረኝ ከረመች። ስታገኘው ሽምብራ ያህል ነበር አለች፤ ለኔ ስትነግረኝ ሎሚ አክሏል።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«ብነግርህ ምን ልታደርግ? ኖራ ውስጥ ልትዘፈዝፈኝ?»

እውነቷን ነው። የማውቀው ቆዳ መዘፍዘፍ ብቻ ነበር።

ደሴ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡላት፤ የቀረ ዘር ካለ ይጥፋ ብለው ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መድሃኒት አዘዙላት። ከመድሃኒቶቹ አንዱ የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል። እዚያ ያሉ ታማሚዎች ስሙን አይጠሩትም፤ «ቀዩ» ነው የሚሉት። «ዛሬ ቀዩ አለብኝ» ይባባላሉ፤ የሰማም ከንፈሩን ይመጥጣል።

ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ ለጤነኛ ሰው። ለታመመ ግን ሐረጎ አለ። ሚኒባሱ ያንን ጠመዝማዛ ሲወጣ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሄደው። ስንመለስ ሎሚውም አይረዳም። ሾፌሮቹ አውቀዋት ስለነበር ገና ከሩቅ ሲያዩን የመስኮቱን ቦታ ያስለቅቁላታል፤ ረዳቱም ሳንጠይቀው ፌስታል ያቀብለናል። ቤት ስንገባ የኔን ሽታ ስለማትችል እኔ ጓዳ እተኛለሁ። ፀጉሯ ረገፈ። አፏ ቆሰለ፤ ውሃ እንኳ ያቃጥላታል። ጥፍሯ ጠቆረ። እሷ አታለቅስም። ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች። የሰለቸኝ ያ ዝምታ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ባለንበት አረፋ ደረሰና የመጨረሻው ልጃችን ከአዲስ አበባ መጣ። ሁለተኛ ዲግሪውን ኬሚስትሪ ይማር ነበር። ምን እንደሚያጠና ጠይቄው አላውቅም፤ ቢነግረኝም አይገባኝም ብዬ ነው። እናቱን ባያት ጊዜ ወደ ደጅ ወጥቶ ትንሽ ቆየ። ሲመለስ ላፕቶፑን ከፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማ፣ የምሠራውን ላሳይሽ» አላት።

እኔም ቀረብ አልኩ። መስታወቱ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ የሆነ፣ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ነገር ይታያል።

«ይህ አንድ ሴል ነው። ሰውነታችን የተሠራው ከነዚህ ነው፤ ዕጢውም እንደዚሁ። በዙሪያው ያለው ደግሞ ሽፋኑ ነው።»

«የኔ ነው?» አለች።

«ሥዕል ነው እማ፤ ለማሳያ የተሠራ። አሁን አንቺ የምትወስጂው መድሃኒት በደም ሄዶ ያገኘውን ሁሉ ይመታል። ክፉውን ሴል ይመታል፤ የፀጉርሽን ሥርና የአፍሽንም ሥጋ ይመታል። ክፉው ሴል ደግሞ በሽፋኑ ተከልሎ የሚገባበት መድሃኒት ያንሳል። እኛ የምናጠናው ፔፕታይድ የሚባለውን ነው። ፕሮቲንን ረጅም ሰንሰለት ነው ብትይ፣ ፔፕታይድ አጭር ቁራጩ ናት። አንዳንዷ ቁራጭ በሽፋኑ አልፋ መግባት ትችላለች። መድሃኒቱን እሷ ላይ ስታስሪው አዝላው ትገባለች።»

አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ ትንሽ ቀጭን ነገር እየተወዛወዘች መጣች፤ ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ሽፋኑ ጋ ስትደርስ ተጠጋች፣ ተለጠፈች፣ ከዚያ ገባች። ቀዩ ነጥብ ውስጥ ቀረ። ክቡ ነገር ቀስ በቀስ ተጨማደደ።

«ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም» አልኩት። «መድሃኒቱ ልጅ ፈላጊው ነው፤ ይህቺ ቁራጭ ሽማግሌዋ ናት በለኛ።»

ልጄ ሳቀ። «እንደሱ ይበሉት አባ። ችግሩ ሽማግሌዋ ቤት አትመርጥም። የጤነኛውንም የበሽተኛውንም በር ታንኳኳለች። እኛ የምንፈልገው የታመመውን ቤት ለይታ የምታውቀውን ነው። ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆራርጧት አሉ፤ ብዙዋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ትቀራለች።»

«መንገዷ ላይ ሽፍታ አለባት።»

«ሽፍታ አለባት፤ እንዳሉት ነው።»

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አልሰማችም መሰለኝ። «እንደገና አሳየኝ» አለችው። አሳያት። «እስቲ ደግሞ።» ያቺ ቀጭን ነገር ቀዩን አዝላ ስትገባ፣ እሷ የቆሰለ አፏን በሻሽዋ ሸፍና ትስቃለች። መርፌው ከጀመረ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ጎረቤት ለዒድ ሊጠይቅ በገባ ቁጥርም ልጁን «አሳያቸው» ትለዋለች። ሰዉ ያያል፣ «ጀሊሉ ይርዳህ» ይለዋል፣ ይወጣል። የወጣው ሁሉ ለሌላው ያወራል። ልጄ ትምህርት ቤቱ ሳይመለስ ሰፈሩ መድሃኒት አግኝቷል አለው።

ልጁ ሄደ። የመርፌው ቀን ደረሰ። ሎሚና ፌስታል ይዤ ስመጣ ከመደቧ አልተነሣችም።

«አልሄድም» አለች።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም። የልጄን እጠብቃለሁ።»

«የልጅሽን ምን?»

«መድሃኒቱን ነዋ። በዓይኔ አየሁት አይደል ሲገባ? ፀጉር አይነካም፣ አፍ አያቆስልም። ይህን አራጅ ምን ብዬ ነው ከእንግዲህ የምወስደው?»

ያን ቀን ስንከራከር ዋልን። እኔ ግትር ነኝ፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን ከኔ ትብሳለች። ልጁ ጋ ደወልኩና ስልኩን ጮክ እንዲል አድርጌ አጠገቧ አስቀመጥኩት።

«እማ፣ መድሃኒት እኮ የለም» አላት። «ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። እኔ ሰዎች የጻፉትን አነባለሁ፣ የትኛዋ ቁራጭ ልትገባ እንደምትችል በኮምፒውተር እሞክራለሁ፣ እሱ ነው ሥራዬ።»

«እኔስ የት አየሁት? ኮምፒውተር ላይ አይደል?»

«እማ ስሚኝ—»

«ገና ሳያልቅ ባይወራ ይሻላል፤ ልክ ነህ። ዓይን አለ። አብሽር ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም።»

ዘጋችው።

በማግሥቱ ብቻዬን ደሴ ወጣሁ። መርፌውን የምትሰጠው ነርስ ቆፍጣና ልጅ ናት፤ ለዶክተሩም አትመለስ።

«አባባ፣ እማማስ?» አለችኝ።

ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«መሐሉ ላይ መቋረጥ የለበትም። የተረፈ ካለ ያገግማል፤ እስካሁን የተሠቃዩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ያምጧት።»

«እምቢ አለች እኮ።»

«እርስዎ ባሏ አይደሉ?»

«ስለሆንኩ ነዋ እምቢ ያለችኝ።»

ከሆስፒታሉ ወጥቼ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር መሐል ሰው እየገፋኝ ቆምኩ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። ያን ጊዜ የልጄ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌዋ አዝላው ትገባለች ያለው። እኔ ተናግሬ ቃሌ አልገባ አላት። ልጁም ተናግሮ አልገባ አላት። እንግዲያ በራሳችን መግባት አልተቻለም። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐሳቤን ጨርሼ ነበር።

የቅሬያችን ዳኛ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረን ማኅበራችን ነው፤ ዳኛው ደግሞ የተጣላም ያስታርቃል። እኔ ባለቤቴን ከሐርቡ ሳጭ፣ አባቷ ዘንድ ከሄዱት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ያኔ ጎረምሳ ስለነበር በቅሎ ነበር የሚጎትተው።

«ሽማግሌ እንድትሆነኝ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«ለየትኛው ልጅህ?»

«ለሚስቴ።»

«ሌላ ልታገባ? በዚህ ዕድሜህ? ሐፍረት የለህም?»

«ላለችኝ ነው።»

«ተጣላችሁ?»

«ከኔ አይደለም፤ ከመርፌው ጋር ነው የተጣላችው።»

ጉዳዩን ስነግረው ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። መቁጠሪያውን ጥቂት አንከባለለና «ብቻዬን አይሆንም። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም» አለ። ሁለተኛ ሆኖ የሚሄደውን እሱ መረጠ፤ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን። ጴንጤ ነው፤ ከደሴ መጥቶ ከኛ ጋር ያረጀ። ቅሬው ውስጥ «የኛ ጴንጤ» ነው የሚባለው፤ እሱም «የናንተ አይደለሁም፣ የጌታ ነኝ» ይላል፤ ያም ሆኖ ቀብር አያመልጠውም።

«እሱ ለምን?» አልኩት ዳኛውን።

«የስኳር በሽተኛ ነው። መድሃኒት የመረረው ሰው ይሻላል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ባለቤቴ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ።

«አንቀመጥም» አለ ዳኛው። «የመጣንበትን ሰምተሽ እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህ?»

ሽማግሌ የላከ ሰው አይናገርም፤ ደንቡ ነው።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅ ፈልገን ነው የመጣን።»

«እኔ ቤት ልጃገረድ የለም፤ ሴቶቹን ድሬያለሁ።»

«የፈለግነው አንቺን ነው።»

«ለማን?»

«ለቀዩ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነበር። «ለዚያ ባለጌ? ፀጉሬን ለነጨው፣ አፌን ላቆሰለው?»

«ጠባዩ ክፉ መሆኑን አልደበቅንሽም» አለ ዳኛው። «ግን ሠራተኛ ነው።»

«ሌላ ጠያቂ አለኝ። ጨዋ ነው፤ በር አንኳኩቶ፣ በሽማግሌ የሚገባ። ልጄ ነው ያጨልኝ። እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ባቡሩስ እየመጣ አይደል? ተራራውን እየቦረቦሩለት አይደል?»

ልብስ ሰፊው ይሄኔ ተናገረ። «እህቴ፣ ባቡሩ ሲመጣ አብረን እንሳፈራለን። እስኪመጣ ግን ደሴ የምንወጣው በሚኒባስ ነው።»

«አንተ ደግሞ ተአምር እጠብቃለሁ ትል የለ? በየእሑዱ እጅህን ዘርግተህ። እኔ ብጠብቅ ምን ክፋት አለው?»

«እጠብቃለሁ። እየጠበቅሁ ግን የስኳሬን ክኒን እውጣለሁ። ጌታም እስካሁን አልተቀየመኝም።»

ዳኛው በጋቢው አፉን ሸፈነ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ግድግዳውን አየች፤ ያው የለመደችውን ግድግዳ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው። ልብስ ሰፊው እግሩ ያብጣል፤ አንዱን እያሳረፈ በሌላው ይቆማል። «ተቀመጥ» ልለው ፈልጌ አልቻልኩም።

«የመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም» አለች በመጨረሻ። «አባቴም ያኔ አልሰጣችሁም።»

«ልክ ነው» አለ ዳኛው። «በቅሎዋን ይዤ ደጅ ቆሜ ፀሐይ በልቶኝ ነው የተመለስነው። መቼ እንምጣ?»

«ልጄ ሲመጣ። በስልክ አይደለም። እዚህ ቆሞ፣ ዓይኑን እያየሁት፣ እናንተ እየሰማችሁ፣ 'የኔ መድሃኒት አንቺ ጋ አይደርስም' ይበለኝ። ያን ጊዜ መልሴን እሰጣለሁ።»

ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ለልጄ ደወልኩለት። የጠየቀችውን ነገርኩት።

«አባ፣ ያንን እንዴት ብዬ ነው የምላት?»

«እንደተማርከው።»

«ይሄን አልተማርኩም።»

«እንግዲያ ና፤ ስትመጣ ትማረዋለህ።»

ክፉ አነጋገር ነው የሚለኝ ይኖራል። ደክሞኝ ነበር። ሳምንቱ እያለቀ ነበር፤ የነርሷ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነበር።

ልጁ በማግሥቱ መጣ። ሐርቡን ሲያልፍ ደወለ፤ እኔም ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ። እናቱን ስሞ ከግርጌዋ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እንደፊተኛው ቀን መጥተው፣ እንደፊተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ቆሙ። ልጁ እነሱን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ።

«በል» አለችው እናቱ።

እሱ ከሩቅ ጀመረ። አንድ መድሃኒት መጀመሪያ በኮምፒውተር፣ ከዚያ በብልቃጥ፣ ከዚያ በአይጥ፣ ከዚያ በጥቂት ሰው እንደሚፈተን፤ በያንዳንዱ ደረጃ ብዙው እንደሚወድቅ፤ ይህ ሁሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ። ዳኛው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ የገባው አይመስለኝም።

«እሱን አልጠየቅሁህም» አለች።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የደጁ ዶሮ ይጮኻል፤ ከሩቅ ከተራራው በኩል ድማሚት ፈነዳና ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

«እማ» አለ። «የኔ አንቺ ጋ አይደርስም።»

ከሕመሙ ሁሉ ያቺን ቃል መስማት ይበልጥ የሚያማት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«ለማንስ ይደርሳል?» አለችው።

«አላውቅም። ለማንም ላይደርስ ይችላል። ብዙ አገር ብዙ ሰው እየሞከረ ነው። የኛ መንገድ የማያወጣ ከሆነ፣ አያወጣም ብለን ለሌላው እንነግረዋለን፤ እሱ በሌላ ይሄዳል።»

«ታዲያ ባትደርስም ትሄድበታለህ?»

«እሄድበታለሁ።»

«እኔ ቀዩን ወስጄ ብድንስ? ያንተ ሳያስፈልገኝ?»

«ደስ ይለኛል እንጂ።»

«ወስጄ ብሞትስ?»

ልጁ አጎንብሶ የመደቡን ጨርቅ ያስተካክል ጀመር።

«ስማኝ» አለች። «እዚህ ሰፈር ሞኝ ናት ተብያለሁ፤ ሥዕል አይታ መድሃኒት መሰላት ተብሏል። ይሁን፤ መጀመሪያ እውነትም መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን በስልክ ስትነግረኝ ገባኝ። ያን ቀን እኔን አይተህ ደጅ ወጣህ፤ ስትመለስ ያን ሥዕል ከፈትክልኝ። ለኔ ለመድረስ እየሮጥህ እንደሆነ አየሁ። ቀዩን ብቀጥል ያንተን እንደናቅሁብህ ይሆናል፤ ሳትደርስልኝ ብሞት ደግሞ መጽሐፍህን ትጥለዋለህ ብዬ ፈራሁ። ያንን ነው የፈራሁት፤ መርፌውን አይደለም። አትጥለውም?»

«አልጥለውም።»

«በሽማግሌ ፊት ነው ያልከው።»

«በሽማግሌ ፊት ነው።»

«ሰማችሁ?» አለቻቸው ወደ ደጃፉ።

«ሰምተናል» አለ ዳኛው። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሲጸልይ እንደዚያ ነው።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አለች። «እግራችሁ አበጠ።»

እኔ ሽማግሌ የላክሁት እሷን እሺ ለማሰኘት ነበር። እሷ ገልብጣ ልጇን አሰረችበት። ሳስበው ዛሬም ይደንቀኛል፤ ግን አልነገርኳትም።

ሐረጎን ስንወጣ ልጁ መሐላችን ነበር፤ ሎሚውን የያዘላት እሱ ነው። ነርሷ ስታየን «በስንት ጉድ» አለችና ሥራዋን ጀመረች። ቀዩ በቀጭኗ ቱቦ ቀስ እያለ ወረደ። ባለቤቴ አንገቷን አዙራ እያየችው፣

«ይኸው አንተም በሽማግሌ ገባህ» አለችው። «ከእንግዲህ አደብ ግዛ።»

ልጄ ሊስቅ ጀመረና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ነርሷ ማንን እንደምታናግር ጠየቀችኝ። «እጮኛዋን» አልኳት።

አደብ አልገዛም። ከፊተኛው የባሰ አስመለሳት። የቀሩትንም ግን ወሰደች፤ አንዱንም አላስቀረችም። እምቢ የምትልበት ቀን ሲመጣ «ቃል ገብቻለሁ» ትልና ትነሣለች። እኔ ሎሚዬን ይዤ ከኋላ ነኝ።

የመጨረሻውን በወሰደች ሰሞን «ሽማግሌ ባዶ አፉን አይሸኝም» ብላ ምሳ አዘዘች። በግ ይታረድ አልኳት፤ አይሆንም አለች። በግ ከታረደ እኛ ያረድነውን ልብስ ሰፊው አይበላም፤ ጴንጤ ቢሆንም በዚህ ነገር እንደ ኦርቶዶክስ እናቱ ነው። ሁለቱ ደግሞ አብረው ቆመው ነው የለመኗት፤ ለየብቻ ሳህን አላበላቸውም አለች። ስለዚህ ሐይቅ ድረስ ሰው ልካ ዓሣ አስመጣች። ዓሣ ቢላዋ አይለየውም። ሴት ልጃችን ጠብሳ፣ አንድ ሰፊ ትሪ ላይ አቀረበችላቸው። ባለቤቴ ሽታውን ስለማትችል ከነፋሱ ወዲያ፣ አጥሩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን በሻሽዋ ይዛ ሲበሉ ታያቸዋለች። «አጥንቱን ተጠንቀቁ» ትላቸዋለች ከሩቅ። «ገና ሌላ ቤት ትላካላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ፀጉሯ በቀለ፤ ነጭ ሆኖ። እኔም ከጓዳ ወጥቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ደህና ዓመታት ነበሩ፤ ደህና ማለቴ ሐረጎን ሳንወጣ የዋልንባቸው ማለቴ ነው። ኋላ አጥንቷ ውስጥ ተነሣባት። ያኔ ሽማግሌ አልላክሁም፤ የሚላኩበት ነገር አልነበረም። ቤቷ፣ መደቧ ላይ፣ ዱዓ እየተደረገላት አለፈች። ቅሬው ቀበራት። ዳኛው ዱላውን ተደግፎ መቃብሩ ድረስ መጣ፤ ልብስ ሰፊውም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ቀዩ ጠቀማት ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ልጇ ተመርቆ ሲያስተምር አይታ ነው የሞተችው። ከዚህ ሌላ የማውቀው መልስ የለኝም፤ ሐኪሞቹም ያላቸው አይመስለኝም።

ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ባቡሩን ግን እስካሁን አላየሁም። ልጄ ያው ሥራው ላይ ነው። ቀን ያስተምራል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጣል። እናቱ የሞተች ሰሞን ሊጥለው ነው ብዬ ጠብቄው ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አስቤ ዝም አልኩ። አልጣለውም። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ባለፈው ሰሞንም ደወለ።

«አባ፣ አንዷ ሽማግሌ ገባች» አለኝ።

«የታመመው ቤት ብቻ?»

«አይደለም። ጤነኛውም ቤት ትገባለች ገና።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሌላ እልካለሁ።»

«ላክ» አልኩት።